ኢንቨርተር ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ዳር ባሉት ሰፈሮች፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብቶ «ኢንቨርተር አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ሊያገኝ ይችላል። አንዱ ሻጭ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ከባትሪ የሚያበራ ሳጥን ያወጣለታል። ሌላው በሩ ላይ «ኢንቨርተር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፍሪጅ ያሳየዋል። ሦስተኛው በትከሻ የሚንጠለጠል የብየዳ ማሽን ያቀርብለታል። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም። «ኢንቨርተር ፍሪጅ ስለገዛሁ መብራት ቢጠፋም ይሠራልኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይሠራም፤ ውስጡ ባትሪ የለውም።

ስሙን የሚጋሩበት ምክንያት አንድ ነው። ኢንቨርተር ዲሲ የሚባለውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኮረንቲ ኤሲ ወደሚባለው፣ ወዲያና ወዲህ ወደሚመላለሰው ኮረንቲ የሚቀይር ዕቃ ነው። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ባትሪ ይህን አያውቅም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሞስፌት የሚባሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች የባትሪውን ኮረንቲ በከፍተኛ ፍጥነት እየከፈቱና እየዘጉ ይህን ምልልስ ይሠሩታል፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል። ፍሪጁ ውስጥም ያው ሥራ ነው፣ መነሻው ግን የግድግዳው ሶኬት ነው፦ 220ውን መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይለውጥና ከዚያ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ኤሲ መልሶ ያወጣል። ኮምፕረሰሩ ድንገት ተነስቶ ድንገት ከመቆም ይልቅ ቀስ እያለ ስለሚዞር ፍጆታው ይቀንሳል። ሲነሳ ብዙ ኮረንቲ ስለማይስብ ደግሞ ለባትሪው ሳጥን የሚመቸው ይኸኛው ፍሪጅ ነው። ተራ ኮምፕረሰር ሲዞር ከ100 እስከ 150 ዋት ቢወስድም ሲነሳ ለቅጽበት የዚያን አምስት ስድስት እጥፍ ይጠይቃል፤ ትንሽ ኢንቨርተር እዚያው ላይ ይዘጋል።

ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለ ባትሪው ሳጥን ነው።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚያወጣው ሞገድ ነው። «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚባለው ከመንግሥት መስመር ጋር የሚመሳሰል ለስላሳ ሞገድ ነው፤ «ሞዲፋይድ» የሚባለው እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። ሞዲፋይዱ ዋጋው ይቀንሳል፣ አምፖልና ስልክ ቻርጀርም ያሠራል፤ ሞተር ያለበትን ነገር ግን ያሞቃል። ሱቅ ውስጥ መለየት ቀላል ነው፦ ተራ ቬንትሌተር ይሰካ። በሞዲፋይድ ላይ «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ በፒዩር ላይ እንደ ቤት ሶኬት ጸጥ ብሎ ይዞራል። ፍሪጅ ሊሰካ የታሰበ ከሆነ ከፒዩር ሌላ መግዛት ገንዘብ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ሰዓት ያቆየኛል የሚለው ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ይህን አይመልስም። እሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሸከም ነው የሚናገረው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በኬቪኤ (ኪሎ ቮልት-አምፒር) ስለሚጻፍ 1 ኬቪኤ የተባለው በእውኑ 800 ዋት ገደማ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን የሚወስነው ባትሪው ነው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንውሰድ። 9 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች 36፣ ዋይፋዩ 10፣ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን 70፣ ሁለት ስልክ 20፤ ድምሩ 136 ዋት። ለአምስት ሰዓት 680 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። በመቀየር ላይ ከአሥር አንድ ያህል ይባክናል፣ ሳጥኑ ራሱ ምንም ባይሰካበትም በሰዓት 15 ዋት-ሰዓት ያህል ይበላል፤ ስለዚህ 850 እንያዝ። 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ጄል ባትሪ ሙሉው 1,200 ዋት-ሰዓት ነው፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ማውረድ አይገባም፤ 600 ብቻ ይሰጣል፣ አይበቃም። ባለ 150 አምፒር-ሰዓት ያስፈልጋል። ተመሳሳይ 100 አምፒር-ሰዓት ያለው የሊቲየም አይረን ፎስፌት (በአጭሩ ሊቲየም ፎስፌት) ባትሪ 12.8 ቮልት ስለሆነ 1,280 ይይዛል፣ ከዚያ ከ1,000 በላዩን ያለ ጉዳት ይሰጣል። ምጣድን ከሒሳቡ ማውጣት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይጠይቃል።

አሁን ከሁሉ በላይ የከተማውን ዳር ነዋሪ ወደሚያስቸግረው ጉዳይ እንምጣ። በእነዚህ ሰፈሮች መብራት ከመጥፋቱ በላይ የሚያስመርረው መድከሙ ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤት ያለው መስመር ረጅም ነው፣ ምሽት ላይ ምጣዱና ምድጃው በአንድ ጊዜ ይበራል፣ በመስመሩ መጨረሻ ያለው ቤት ከ220 ይልቅ 165 ቮልት ይደርሰዋል። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አምፖሉ ይፈዛል። ሳጥኑ ቀጭ ይላል፣ ማራገቢያው ይነሳል፣ ስክሪኑ ላይ የሚገባው ቮልት 163 ይነበባል፣ ከጎኑ ያለው የባትሪ ምስል መጉደል ይጀምራል። ጎረቤት ምጣድ ሲጠፋ 184፤ እንደገና ቀጭ። እንዲህ ሲል አምሽቶ መብራቱ የምር ሦስት ሰዓት ላይ ሲጠፋ ባትሪው አልቋል። ሰው «ባትሪው የተበላሸ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፤ ባትሪው ግን ጤነኛ ነው።

ጥፋቱ ያለው ማስተካከያው ላይ ነው። በብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ላይ የሚገባውን ኮረንቲ የሚመርጥ ሁለት ቦታ አለ። «ዩፒኤስ» የሚለው ከ170 እስከ 280 ቮልት ብቻ ይቀበላል፣ ከዚያ ከወረደ ወደ ባትሪ ይዞራል። «ኤፒኤል» የሚለው ከ90 ጀምሮ ይቀበላል። መስመሩ ለሚደክምበት ቤት ኤፒኤል ይሻላል፣ ግን በዘፈቀደ አይደለም፦ የሚሰካውን ዕቃ ጀርባ ማንበብ ያስፈልጋል። «100–240» የተጻፈበት ቻርጀር፣ ራውተርና አብዛኛው አዲስ ቴሌቪዥን በ150 ቮልትም ምንም አይሆንም። ተራ ፍሪጅ ግን በ150 ቮልት ኮምፕረሰሩ መነሳት አቅቶት እያጉረመረመ ይግላል። ስለዚህ ፍሪጁን ከዚህ መስመር አውጥቶ በራሱ ስታቢላይዘር (ቮልት ማስተካከያ)፣ መብራት ሲመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያቆይ ዓይነት ላይ ማድረግ ነው። ኤፒኤል ላይ ሲሆን ወደ ባትሪ መዞሪያው ጊዜ ትንሽ ስለሚረዝም ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል፤ ላፕቶፕ አይነካውም።

ገመዱ። 800 ዋት ከ12 ቮልት ሲሳብ 75 አምፒር ያህል ነው፤ ይህ የሶኬት መስመር በሚዘረጋበት 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ የሚሞከር አይደለም። ከባትሪ እስከ ሳጥኑ 25 ሚሊሜትር ካሬ፣ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ያልበለጠ፣ በፖዘቲቩ ላይ ከባትሪው ራስ አጠገብ የ100 አምፒር ፊውዝ። ገመዱ ከቀጠነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ሳጥኑም ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ «ባትሪ አልቋል» እያለ ይጮኻል። ቡሎኑ የላላም እንደዚሁ ነው፤ ከተገጠመ ከሳምንት በኋላ ሳጥኑን አጥፍቶና ፊውዙን አውጥቶ በቁልፍ እንደገና ማጥበቅ ይገባል።

እባካችሁ ሁለቱም ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ኢንቨርተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ አትሰኩ። ዋናውን ብሬከር አጥፍተነዋል ብላችሁም ቢሆን። አንድ ልጅ ወይም እንግዳ ብሬከሩን ያነሳው ዕለት የመስመሩ ኮረንቲ ከኢንቨርተሩ ጋር ይጋጫል፣ ሳጥኑ ይቃጠላል፤ መብራቱ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ኮረንቲው ወደ ምሰሶው ወጥቶ ሊጠግን የተሰቀለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ያልተሰካው ጫፍም እጅ ላይ 220 ቮልት ይዞ ነው የሚቆየው። ትክክለኛው መንገድ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የመብራቱን መስመርና የአንድ ሶኬት መስመር ለይቶ ከነኒውትራሉ በኢንቨርተሩ በኩል ማሳለፍ፣ ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ወደ ቀጥታ የሚመልስ ቼንጅ ኦቨር ማስገባት ነው። የምጣዱና የምድጃው ብሬከር አይነካም። ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

ቦታ ሲመረጥ ከፍታችንም ይታሰብ። የብዙ ኢንቨርተር መመሪያ የሚናገረው እስከ 1,000 ወይም 2,000 ሜትር ስላለው አቅም ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ወደ እንጦጦና ሱሉልታ ሲወጣ ከዚያም ይጨምራል። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃውን እምብዛም አያቀዘቅዘውም። ከተጻፈለት አቅም ከ80 በመቶ በላይ ባለመጫንና በዙሪያው 30 ሴንቲሜትር ክፍት በመተው ይካካሳል። ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም።

ለመጪው ዓመት ምን እንጠብቅ? የታላቁ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ በመስመር መጨረሻ ያለው ቤት ቮልት የሚስተካከለው ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ ሲጠነክር ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ገና ይፈለጋል። የሚለወጠው ባትሪው ነው። ሊቲየም ፎስፌት ጄሉን እየተካ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ዓይነት 5 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል። የድሮ ኢንቨርተር ላይ ሊቲየም የሚያስገባ ሰው የቻርጅ ቮልቱን ማስተካከል አለበት፦ ለ12.8 ቮልቱ ከ14.2 እስከ 14.4፣ «ኢኳላይዝ» የሚለው፣ ቮልቱን ከፍ አድርጎ የሚሞላው ማስተካከያ ደግሞ ይጥፋ። ካልጠፋ ቮልቱ ከ15 ሊያልፍና የባትሪው መከላከያ ሊዘጋው ይችላል፣ ባለቤቱም ሞቷል ብሎ ይጥለዋል።

ሌላው ሊታይ የሚገባው ግቢ ውስጥ የቆመችው የኤሌክትሪክ መኪና ናት። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በየሰፈሩ እየበዙ ነው። አንዳንዶቹ «ቪቱኤል» የሚባል፣ ከመኪናው ባትሪ 220 ቮልት የሚያወጣ መሰኪያ አላቸው። 50 ኪሎዋት-ሰዓት የያዘ መኪና ከላይ ያሰላነውን ምሽት ከ50 ጊዜ በላይ ይሸፍናል። ሁሉም ሞዴል ግን ይህ የለውም፤ ከመግዛት በፊት መሰኪያውን አስወጥቶ አንድ ቬንትሌተር ሰክቶ ማየት ነው። እሱም ቢሆን በዲቫይደር ለተመረጡ ዕቃዎች እንጂ ወደ ግድግዳ ሶኬት አይሰካም።