የጥናት መታከት በወሎ ግቢዎች

ሃንዳውቱ ፊትህ ተዘርግቷል። አንዱን አንቀጽ ለአራተኛ ጊዜ ታነበዋለህ። ዓይንህ መስመር ይከተላል፣ ጭንቅላትህ ግን የለም። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። መፍራት ነበረብህ፤ ፍርሃቱም ጠፍቷል። ቀና ስትል የዶርሙ መስኮት በደሴ ጉም ነጭ ሆኗል። ከላይኛው አልጋ አንዱ ያንኮራፋል። አንተም ለራስህ “ታከተኝ” ትላለህ።

ፈረንጆቹ በርንአውት ይሉታል። የግቢ ልጅ ግን ይህን ቃል እምብዛም አይጠቀምበትም። “እጅ እጅ አለኝ” ይላል። “ጭንቅላቴ ዘጋ” ይላል። እዚህ የጥናት መታከት ብዬዋለሁ።

ምንድን ነው?

ቃሉን ወደ ሥነ ልቦና ጽሑፍ ያስገባው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974። ሰውየው ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ ያገለግል ነበር። በሙሉ ልባቸው የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከወራት በኋላ ባዶ እየሆኑ ሲሄዱ አየ። ራሱም ከእነሱ አንዱ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1981 ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን መለኪያ መጠይቅ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ለተማሪዎች የሚሆነው ዓይነት ታተመ።

የተማሪው መጠይቅ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንዱ ድካም ነው፤ ተኝተህ የማይለቅህ ዓይነት። ሁለተኛው ለትምህርቱ ግድ ማጣት ነው። “ይህን ተምሬስ ምን ልሆን?” የሚለው ነገር። ሦስተኛው “አልችልም” የሚል ስሜት ነው፤ ውጤትህ ጥሩ ሆኖም እንኳ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ምደባ ላይ በርንአውትን በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል። ተማሪነትን በስም አላነሳም። እኔ ግን ተማሪነት ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ከስንፍና ጋር ሲምታታ ያናድደኛል። ሰነፍ ልጅ ፊልም ሲያይ ፊልሙን ያያል። የታከተው ልጅ ፊልም ከፍቶ ሃንዳውቱን ያስባል፤ ሃንዳውቱን ከፍቶ ደግሞ ምንም አያስብም። ከድባቴም ይለያል። መታከት መጀመሪያ የሚይዘው ትምህርቱን ነው። ምግቡም፣ ጓደኛውም፣ የሚወደው ኳስም ካስጠላው፣ ያም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሐኪም ያስፈልጋል።

ግቢዎቹ

ወሎ ውስጥ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተከፈቱት አንዱ ሲሆን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተከተለ። መቅደላ አምባ ከሁሉም አዲሱ ነው፤ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ይገኛል።

አየሩ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ የምታገኛት ናት፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። ስለዚህ የኢንጂነሪንግ ተማሪው ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ በሙቀት ሲያንቀላፋ፣ የሕክምናው ተማሪ ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ያጠናል። ከጋምቤላ የመጣ ፍሬሽ ጥቅምት ላይ ደሴ ሲገባ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። ብርድ ልብሱን አይለቅም። ላይብረሪ ለመሄድ ከራሱ ጋር ይደራደራል፤ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ከምን ይመጣል?

አንደኛው ምክንያት የተጨመቀ ሴሚስተር ነው። መጋቢት 2012 ላይ በኮቪድ ምክንያት ግቢዎች ተዘጉ። የተከፈቱት የባከነውን ለማካካስ እየተሯሯጡ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ወሎ ገባ። ወልድያ በነሐሴ 2013፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ተያዙ። እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ቆየ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘረፉ። ላብራቶሪው፣ ኮምፒዩተሩ፣ ፍራሹ ሳይቀር ሄደ። ተማሪው ሲመለስ ትምህርቱ እንደገና ተጨመቀ። ከ2015 መጨረሻ በኋላ ደግሞ የጸጥታው ችግርና የኢንተርኔት መቋረጥ መጣ። አራት ወር የሚፈጀው ኮርስ በስምንት ሳምንት ሲሰጥ ያየ ሰው፣ ተማሪው ለምን ታከተው ብሎ አይጠይቅም።

ሁለተኛው መውጫ ፈተናው ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ጂሲ (ተመራቂ) የሆነ ልጅ የፍሬሽማን ዘመን ሃንዳውት ሳይቀር ያስሳል። ቤተሰብ በግ ገዝቶ ይጠብቃል። ፎቶ ቤቱ ቀብድ ተቀብሏል። ፈተናው ግን ገና ነው።

ሦስተኛው ያልመረጡት ዲፓርትመንት ነው። በነጥብ ተደልድሎ የማይወደው ቦታ የገባ ልጅ፣ ግድ ለማጣት ሦስት ዓመት አይፈጅበትም፤ አንድ ሴሚስተር ይበቃዋል።

ስለ ጫት ሳናወራ ግን ወሎን ማለፍ አይቻልም።

የፈተና ሰሞን ጫት እንደ እስክሪብቶ የሚቆጠርባቸው ዶርሞች አሉ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው፤ ለአምፌታሚን ቅርብ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚከሽፍ ነው ጫት ትኩስ የሚፈለገው። ምርቃና ላይ፣ ጫቱ ሲይዝህ፣ ሁሉም ነገር ይገባሃል። ምርቃና ላይ የተጻፈ የጥናት ፕሮግራም አይተህ ታውቃለህ? በሦስት ቀለም ይሰመራል። ከጠዋቱ 11 ሰዓት ይጀምራል፣ ስፖርት አለው፣ እንግሊዝኛ አለው፣ ባለቤቱን ፒኤችዲ ድረስ ያደርሰዋል። በማግሥቱ ግን ባለቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ተኝቷል። እንቅልፉም እንቅልፍ አይደለም፤ ዱካክ ሲያስጨንቀው አድሯል። ከሰዓት ሐራራው ይመጣል። እንደገና ቅሞ ለመክፈት ደግሞ ገንዘብ ይበደራል። አንዳንዱም ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (መጠጥ) ይገባል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ያሳለፈ ጭንቅላት ፈተና ክፍል ሲገባ “አውቀው ነበር እኮ” ከማለት ሌላ የሚያወጣው የለም። ማታ የተነበበው ነገር የሚረጋው እንቅልፍ ውስጥ ነውና።

አንድ ነገር ከራሴ

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ሃንዳውት ነበረኝ። በቢጫ ሃይላይተር ያላሰመርኩበት መስመር አልነበረም። አንድ ቀን የዶርሜ ልጅ አንስቶ ገለጥ ገለጥ አደረገና “ያልቀባኸው የቱ ነው?” አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ከየትኛውም ገጽ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቀኝ ነገርኩት። ጠየቀኝ። አልመለስኩም። ሌላ ጠየቀኝ፤ ያንንም አልመለስኩም። ለአንድ ወር በቀን አሥር ሰዓት ተቀምጬበት ነበር።

ልጁ የመርሳ ከተማ ልጅ ነው። “አብሽር” አለኝ። ወሎ ውስጥ ይህች ቃል ለሁሉም ትሆናለች፤ ለሞተበትም፣ ስልክ ለጠፋበትም፣ ኤፍ ላገኘም። ከዚያ ግን በቃል ብቻ አልተወኝም። እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ወሰደኝ። አሳ በላን። ስለ ትምህርት አንድም ቃል አልተናገርንም። ማታ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። የሰኞው ሃንዳውት ያው ሃንዳውት ነበር፤ ግን ከአንድ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረልኝ።

የድሮዎቹ እንዴት ያጠኑ ነበር?

ሐይቅ ላይ አሳ ስትበላ ማዶ የምታየው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት ያደረጉት ቦታ ነው። ወሎ በሌላ በኩል የደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ አገር ነው። ጀማ ንጉሥና ዳና ላይ ኪታብ ለመቅራት ከሩቅ ይመጣ ነበር።

የቆሎ ተማሪና ደረሳ ኑሯቸው ቀላል አልነበረም። ረሃብ አለ፣ ውሻ አለ፣ ብርድ አለ። አሳምሬ ልናገር አልፈልግም። ትምህርቱ ግን በልክ በልክ ነው የሚሰጠው። የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ ጥቂት ይቀበላል፣ እስኪይዘው ድረስ ይቀጽላል፣ ከዚያ ሌላ ይጨመርለታል። ያልያዘ አይሻገርም። የዕረፍት ቀንም አለው። ሰንበትና በዓል ለቤተ ክርስቲያን ናቸው። ደረሳው ደግሞ ዓርብን ለጁምዓ ይተወዋል። የኛ ግቢ ግን ሦስት ወር ምንም ሳይጠይቅ ቆይቶ፣ በአንድ ሳምንት ሁሉንም ይጠይቃል።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት ከዚህ ጋር ይገጥማል። አንዴ የተሸመደደ ነገር በፍጥነት ይረሳል። እየተራራቀ ሲደገም ግን ይቆያል። በግቢ ቋንቋ፦ ዛሬ የተማርከውን ማታ 20 ደቂቃ እየው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሃንዳውቱን ዘግተህ ለራስህ ጠይቅ፣ ቅዳሜ አንዴ ድገመው። ሚድ ፈተና ሲመጣ አዲስ ነገር አይኖርብህም። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ያወቅህ ያስመስልሃል። ዘግቶ መጠየቅ ግን እውነቱን ይነግርሃል፤ ሃይላይተሬን ያየ ያውቃል።

እንቅልፍ፣ እግር፣ ቡና

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ነው። ስድስት ሰው በሚተኛበት ዶርም ይህ በአንድ ሰው ፍላጎት አይሆንም። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ሴሚስተሩ ሲጀምር መስማማት ይሻላል። ፈተና ሲደርስ ማንም ማንንም አይሰማም።

ስፖርት ሲባል ጂም የሚያስብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ደሴ ላይ ያለ ልጅ ከግቢ ፒያሳ በእግሩ ደርሶ ቢመለስ ዳገቱ ራሱ ይቆጥርለታል። የጦሳን ተራራ ለመውጣት የፈለገ ግን ብቻውን አይሂድ፣ የጸጥታውን ሁኔታም አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቡናን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል፤ ይጋጫሉ። ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የጠጣኸው ሌሊት ሰባት ሰዓትም አብሮህ አለ። ግን ደግሞ ከግቢ በር ውጭ ያለችው የጀበና ቡና ሰው የሚገናኝባት ናት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ቁጭ ትላለህ። ስልክ ካልወጣ ወሬ ይኖራል። “እኔም እኮ አልገባኝም” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከጎበዝ ተማሪ አፍ የምትሰማው እዚያ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠጣት።

ከታከተ በኋላ

መጀመሪያ መጠኑን መቀነስ ነው። የታከተው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሰዓት ይጨምራል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ሃንዳውት መዝጋት፣ ከዚያ 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ይቻላል። በቀን ሁለትና ሦስት ዙር ለጅምር ይበቃል።

ቀጥሎ መንገር ነው። ለአድቫይዘር መናገር የሚያሳፍራቸው አሉ። ለእናት መናገር ደግሞ የባሰ ይከብዳል፤ “ልጄ ተማሪ ነው” እያለች ነው የምትኖረው። ቤተሰብ ጸበል ውሰዱት ሊል ይችላል፣ ወይም ሸሁ ዱዓ ያድርጉለት። ይሁን። ከሐኪም ጋር አብሮ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲዎች የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ደሴ ላይ ባለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። “መኖር አልፈልግም” የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ፈተና እስኪያልፍ አይጠበቅም። ያንኑ ቀን ነው የሚኬደው፤ ጓደኛም አብሮ ይሄዳል።

የመጨረሻው አማራጭ ዊዝድሮዋል መሙላት ነው። ዓመቱን አቋርጦ ማረፍ ማለት ነው። ብዙ ልጅ ሳይሞላ ዕቃውን ሸክፎ ይጠፋል፤ ሲመለስ ሬጅስትራር ላይ መከራውን ያያል። የሞላው በወቅቱ ሪአድሚሽን ጠይቆ ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አይልም። የድሮ ባቹ ተመርቆ ሊወጣ ነው፣ ዶርሙ አዲስ፣ ፊቱ ሁሉ አዲስ። ግን የድሮ ሃንዳውትና ያለፈ ዓመት ፈተና ይዞ ስለሚመጣ፣ እስከ ዓርብ ድረስ ስሙን የማያውቅ የአዲሱ ባች ልጅ አይኖርም።