ዲኬምቤ ሙቶምቦ፦ ከጆርጅታውን እስከ ሂዩስተን የዘለቀ የተከላካይ ሕይወት

ዲኬምቤ ሙቶምቦ (1966–2024) በኪንሻሳ ተወልዶ፣ በዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሦስት፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤን ቢ ኤ ደግሞ ዐሥራ ስምንት የውድድር ዘመናት የተጫወተ ኮንጎአዊ ነው። ቁመቱ 2.18 ሜትር፣ የማሊያ ቁጥሩ 55 ነበር። የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ አራት ጊዜ የተሸለመ ሲሆን፣ ይህን ያህል ጊዜ የተሸለሙት ከእሱ ሌላ ቤን ዋላስና ሩዲ ጎቤር ብቻ ናቸው። ስሙ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ኳስ ካገደ በኋላ ግራና ቀኝ የሚያወዛውዛትን አመልካች ጣት ነው፤ ጨዋታውን በቅርብ የተከታተሉት ግን ከጣቲቱ በፊት የነበረውን ትዕግሥትና ስሌት አብልጠው ያነሳሉ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው ጁን 25 ቀን 1966 ሲሆን ወገኑ ከሉባ ሕዝብ ነው። ለወላጆቹ ከዐሥር ልጆች ሰባተኛው ነበር፤ አባቱ ሳሙኤል ሙቶምቦ በትምህርት ሥራ ያገለገሉ ሰው ነበሩ፣ እናቱ ደግሞ ቢያምባ ማሪ ይባላሉ። በኪንሻሳ ቦቦቶ ኮሌጅ በተባለው ትምህርት ቤት ተምሯል። በልጅነቱ የእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው ዘግይቶ፣ በ16 ዓመቱ ገደማ ነው።

በ1987 በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ በዩ ኤስ ኤይድ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ጆርጅታውን ሲገባ ዕድሜው 21 ነበር። አመጣጡ ሐኪም ሆኖ ወደ ሀገሩ ለመመለስ እንጂ ኳስ ለመጫወት አልነበረም። የመጀመሪያ ዓመቱን እንግሊዝኛ በመማር አሳለፈ፤ በሁለተኛው ዓመት አሰልጣኝ ጆን ቶምሰን ወደ ቡድኑ ወሰደው። ይህ አጋጣሚ ለአንድ ተከላካይ ከዚህ የተሻለ ሊሆን አይችልም ነበር። ቶምሰን ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ በቦስተን ሴልቲክስ የታላቁ ተከላካይ የቢል ራስል ተጠባባቂ የነበረ ሰው ነው፤ በጆርጅታውንም ከሙቶምቦ በፊት ፓትሪክ ዩዊንግን አሠልጥኖ በ1984 የሀገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ አንሥቷል። ቶምሰን በቢሮው አየሩ የወጣ የቅርጫት ኳስ ያስቀምጥ እንደነበር የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ተማሪው ኳሱ ሲተነፍስ በእጁ ምን እንደሚቀረው አስቀድሞ እንዲያስብ ነበር። ሙቶምቦ ሕክምናውን ቢተወውም ትምህርቱን አልተወም፤ በ1991 በሥነ ልሳንና በዲፕሎማሲ ተመርቆ ወጥቷል። ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ሊንጋላና ቺሉባን ጨምሮ ዘጠኝ ቋንቋ ይናገር ነበር፤ በተማሪነቱም በአሜሪካ ምክር ቤትና በዓለም ባንክ የሥራ ልምምድ አድርጓል።

በቡድኑ የመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለፈ ነበር። ያም ሆኖ በ1989 ጆርጅታውን ከሴንት ጆንስ ጋር ባደረገው አንድ ጨዋታ 12 ኳሶችን በማገድ በኮሌጆቹ ቢግ ኢስት ሊግ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ እሱና የቡድን ጓደኛው አሎንዞ ሞርኒንግ አንድ ላይ ሲሰለፉ በቀለበቱ ሥር ማለፍ የማይታሰብ ሆነ፤ በ1990 የሊጉን የምርጥ ተከላካይነት ሽልማት ሁለቱ ተጋርተውታል፣ በ1991 ደግሞ ሙቶምቦ ብቻውን ወስዶታል። የጆርጅታውን ደጋፊዎች ከቅርጫቱ ጀርባ የሚቀመጡበትን ስፍራ «የእምቢታ ረድፍ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት፤ አንድ ኳስ በታገደ ቁጥር የተዘረጋ እጅ የተሣለበት ትልቅ ወረቀት ይሰቅሉ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ውጤቱን ከሰሌዳው ሳያነቡ የተሰቀሉትን እጆች ቆጥሮ ብቻ ቀኑ እንዴት እንዳለፈ ማወቅ ይቻል ነበር። በመጨረሻው ዓመቱ በአማካይ 15.2 ነጥብና 12.2 ሪባውንድ (ቅርጫቱን ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አስመዝግቧል። ቡድኑ በዚያ ዘመን የሚጫወተው ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር በነበረው ካፒታል ሴንተር ነበር፤ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ይህ ሁሉ የሠፈር ታሪክ ነው።

ኳስ ማገድ፣ ተጫዋቾች ብሎክ የሚሉት፣ የቁመት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ደንቡ ኳሱ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ መንካትን ይፈቅዳል፤ ወደ ቀለበቱ መውረድ ከጀመረ በኋላ የነካው ተከላካይ ግን ለተቃራኒው ቡድን ነጥብ ያስቆጥራል። ስለዚህ ተከላካዩ ያለው የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጊዜ ናት፤ ቀድሞ ከዘለለ አጥቂው አታልሎት ያልፋል፣ ከዘገየ ነጥቡ ይቆጠራል። ሙቶምቦ ከእግሩ ይልቅ በዓይኑ ይጠብቅ ነበር፤ አጥቂው ከመሬት እስኪለቅ እጁን አንሥቶ ይቆማል እንጂ ለማታለያ አይዘልም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እንደሚያምነው ይህ ልማድ የመጣው ከኪንሻሳ የግብ ጠባቂነት ዘመኑ ነው። ጥቅሙም በስታቲስቲክስ ከሚታየው ይበልጣል፤ ወደ ቀለበቱ ገስግሶ እሱን ሲያይ ኳሱን ወደ ኋላ የመለሰ አጥቂ በየትኛውም መዝገብ አልተቆጠረም።

የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት በ1991ዱ ድራፍት ዴንቨር ነጌትስ በአራተኛ ተራ መረጠው። በመጀመሪያው ዘመኑ በአማካይ 16.6 ነጥብና 12.3 ሪባውንድ አስመዝግቦ የዓመቱ ምርጦች በሚጋጠሙበት በኦልስታር ጨዋታ ተሰለፈ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማት ግን በላሪ ጆንሰን ተወሰደ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ማይክል ጆርዳን ዴንቨር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የቅጣት ኳስ ካስቆጠረ በኋላ ወደ ሊጉ እንኳን ደህና መጣህ ማለቱ እስከ ዛሬ ይነሣል።

የሙቶምቦን የዴንቨር ዘመን ዘላለማዊ ያደረገው የ1994ቱ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ነው። ነጌትስ 42 ጨዋታ አሸንፎ በ40 ተሸንፎ በስምንተኛ ደረጃ፣ በመጨረሻዋ ክፍት በር ነበር የገባው። የደረሰው ከሲያትል ሱፐርሶኒክስ ጋር ነበር፤ ሲያትል 63 ጨዋታ ያሸነፈ፣ ጋሪ ፔይተንንና ሾን ኬምፕን የያዘ፣ የሊጉ የዓመቱ ባለ ብዙ ድል ቡድን ነበር። ከአምስት ሦስት ያሸነፈ በሚያልፍበት ደንብ ሲያትል የመጀመሪያውን 106 ለ 82፣ ሁለተኛውን 97 ለ 87 ወሰደ። እስከዚያ ዕለት ድረስ ስምንተኛ ሆኖ የገባ ቡድን አንደኛውን ጥሎ ያለፈበት ጊዜ አልነበረም፤ ሁለት ለባዶ ከተመራ በኋላማ ማንም የጠበቀ አልነበረም። ዴንቨር ላይ ግን ነጌትስ ሦስተኛውን 110 ለ 93 አሸነፈ፣ አራተኛውን በጭማሪ ሰዓት 94 ለ 85 ደገመ። ሜይ 7 ቀን ሲያትል ላይ የተደረገው አምስተኛውም ጭማሪ ሰዓት ደረሰ፤ ነጌትስ 98 ለ 94 አሸነፈ። ሙቶምቦ በዚያ ጨዋታ 8፣ በአምስቱ ጨዋታዎች በጠቅላላ 31 ኳስ አግዷል፤ ይህ በአምስት ጨዋታ ለተወሰነ ግጥሚያ ክብረ ወሰን ነው።

የመጨረሻው ምስል ይህ ነው፦ ሰዓቱ ሲያልቅ የመጨረሻውን ሪባውንድ የያዘው ሙቶምቦ በጀርባው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ኳሱን በሁለት እጁ ከፊቱ በላይ ጨብጦ ከፍ አድርጓል፣ ዓይኑ ተጨፍኖ አፉ በእልልታ ይሁን በለቅሶ በማይለይ ደስታ ተከፍቷል። የዴንቨር ደጋፊ ይህን ፎቶግራፍ ለማወቅ የስም ጽሑፍ አያስፈልገውም። ነጌትስ በቀጣዩ ዙር በዩታ ጃዝ ሦስት ለባዶ ከተመራ በኋላ ሦስቱንም መልሶ፣ በሰባተኛው ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። ክርክር ያለበት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ፔይተንንና ኬምፕን የያዘውን ቡድን የረታው ከሁሉ በፊት የሙቶምቦ ተከላካይነት መሆኑ አያጠያይቅም። የቡድን ጓደኞቹ ሮበርት ፓክና ብራያን ዊልያምስም በአምስተኛው ጨዋታ የነበራቸው ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

ጣት ማወዛወዙን በዴንቨር ዘመኑ እንደ ጀመረው አብዛኞቹ ይስማማሉ። ሊጉ ምልክቱ ወደ ተቃራኒ ተጫዋች ፊት ከተቃና በቴክኒክ ጥፋት እንዲያስቀጣ ወሰነ፤ ሙቶምቦም ጣቱን ወደ ተመልካቹ አዞረ። በ1997 ፕሌይኦፍ ጆርዳን በላዩ ላይ ዘሎ ኳሱን በእጁ ቀለበቱ ውስጥ ከሰካበት በኋላ ያቺኑ ጣት መልሶ አወዛውዞበታል፤ ሙቶምቦ ይህን ታሪክ ራሱ እየሣቀ ይናገር ነበር።

በብሎክ አማካይ ከ1994 እስከ 1996 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሊጉን ከመራ በኋላ፣ በ1996 ወደ አትላንታ ሆክስ ሄደ። ዴንቨር እንዲሄድ መፍቀዱ ስሕተት ነበር። አትላንታ በመጀመሪያው ዓመቱ 56 ጨዋታ አሸነፈ፤ እሱም በ1997ና በ1998 ምርጥ ተከላካይ ተባለ፣ በ2000 ደግሞ በአማካይ 14.1 ሪባውንድ ሊጉን መራ።

በፌብሩዋሪ 2001 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው የኦልስታር ጨዋታ 22 ሪባውንድ ሰብስቦ የምሥራቁን ቡድን ከ21 ነጥብ ልዩነት ተመልሶ 111 ለ 110 እንዲያሸንፍ ረዳ። ያንን ቡድን ያሠለጥን የነበረው የፊላደልፊያው ላሪ ብራውን ነበር፤ በዚያው ወር ፊላደልፊያ ሴቨንቲሲክሰርስ ከአትላንታ አስመጣው። ከአለን አይቨርሰን ጋር ሆኖ እስከ ፍጻሜ ደረሰ፣ አራተኛውን የምርጥ ተከላካይነት ሽልማትም ያገኘው በዚያ ዓመት ነው። በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ እስከዚያ ድረስ በፕሌይኦፉ ያልተሸነፈውን ሎስ አንጀለስ ሌከርስን በጭማሪ ሰዓት 107 ለ 101 ረቱ፤ ቀጣዮቹን አራት ግን ተሸነፉ። ሻኪል ኦኒል በአማካይ 33 ነጥብ አስቆጥሯል። ይህ የሙቶምቦ ድክመት መለኪያ ሆኖ ሲቀርብ ይሰማል፤ ቅጂውን የተመለከተ ሰው ግን ዳኞች ያለፉት ብዙ የትከሻ ግፊያ እንደነበረ ሊመሰክር ይችላል። የሙቶምቦ ክርኖችም ብዙ ተጫዋች እንደጎዱ ይነገራል፤ በጠባብ ስፍራ የሚታገል ረዥም ሰው ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ እንደሌለው ግን መታወስ አለበት።

በኒው ጀርሲ ኔትስ በ2003 ለሁለተኛ ጊዜ ፍጻሜ ደርሷል፣ በኒው ዮርክ ኒክስም አንድ ዘመን ተጫውቷል።

ከ2004 ጀምሮ በሂዩስተን ሮኬትስ የያዎ ሚንግ ተጠባባቂና መካሪ ሆነ። በጃንዋሪ 2007 በተመዘገቡ ብሎኮች ካሪም አብዱል ጃባርን አልፎ ሁለተኛ ሆነ፤ ሥራውን ሲያበቃ የነበረው 3,289 ብሎክ ከናይጄሪያዊው ተጫዋች ከሃኪም ኦላጁዋን 3,830 ቀጥሎ ይገኛል። እንግዲህ የዚህ ሠንጠረዥ አንደኛና ሁለተኛ አፍሪካውያን ናቸው። ሊጉ ብሎክ መቁጠር የጀመረው በ1973–74 በመሆኑ የራስልና የዊልት ቻምበርሌን ዘመን በዝርዝሩ አልገባም፤ ይህ ግን የተቆጠረውን አያሳንሰውም። በ2008 ያዎ ሲጎዳ ሂዩስተን 22 ተከታታይ ድል ባስመዘገበበት ወቅት ያንን ክፍተት የሞላው የ41 ዓመቱ ሙቶምቦ ነው። በኤፕሪል 2009 ከፖርትላንድ ጋር በተደረገ የፕሌይኦፍ ጨዋታ ጉልበቱን ተጎዳ፤ በቃሬዛ ወጥቶ ሥራው እንዳበቃ በዚያው ተናገረ። ከቀዳሚ ተሰላፊነት እስከ ተጠባባቂነት 1,196 ጨዋታ ተጫውቷል፤ ሪባውንዱ 12,359፣ ነጥቡ 11,729 ነው።

ዕድሜው ከተመዘገበው እንደሚበልጥ የሚወራው ወሬ በሥራው ዘመን ሁሉ ሲከተለው ኖሯል። ለዚህ የሚቀርበው መነሻ የድምፁ ሻካራነትና የፊቱ ገጽታ ብቻ ሲሆን፣ ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀስ ነገር የለም።

እናቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በሀገሪቱ በነበረው ሁከት ምክንያት ሆስፒታል መድረስ ሳይችሉ አረፉ። ሙቶምቦ በስሙ ባቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት በኪንሻሳ ዳርቻ፣ በማሲና፣ 300 አልጋ ያለው ሆስፒታል አሠራ። ወጪው 29 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጠው፣ ከራሱ ኪስ የወጣ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ2001 ተጣለ፣ በ2006 ተመረቀ፣ በ2007 ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። ስሙም ቢያምባ ማሪ ሙቶምቦ ሆስፒታል ነው። ሐኪም ለመሆን ተሰናድቶ የሄደው ልጅ የሐኪሞች ቤት ሠርቶ ተመለሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ የተካፈለውን የዛየር (የያኔው የኮንጎ ስም) ሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ማሊያና ወጪ ሸፍኗል፤ በ2021 ደግሞ በአባቱ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት በምቡጂ ማዪ ተከፍቷል።

ከ2009 ጀምሮ የኤን ቢ ኤ ዓለም አቀፍ አምባሳደር ሆኖ አፍሪካን ዞሯል። በ2015 ወደ ቅርጫት ኳስ ዝነኞች አዳራሽ ገባ፤ 55 ቁጥርን አትላንታ በ2015፣ ዴንቨር በ2016 ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ ሰቅለውታል። ወጣቶች የሚያውቁት በአብዛኛው በ2013 በቴሌቪዥን በታየ የመድን ማስታወቂያ፣ የወረቀት ኳስና የእህል ካርቶን እያገደ ጣቱን ሲያወዛውዝ ነው። በኦክቶበር 2022 የአንጎል እጢ ሕክምና እየተከታተለ መሆኑ ተገለጸ፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 በ58 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ራያን በዚያ ጊዜ አባቱ በተጫወተበት በጆርጅታውን የመሐል ተጫዋችነት ያሳለፋቸውን ዓመታት ጨርሶ ነበር።