የጅማ ዝናብ ድርቅን እንዴት ያስታግሳል?

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ዝናብ ከማይነፍጋቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዷ ናት፤ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ዝናቡ በሁለት ወር ወርዶ አያልቅም። መጋቢት አካባቢ ይገባና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል።

ይሁን እንጂ ጅማም ብትሆን ድርቅ ይነካታል። እዚህ ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ሲዘገይ ወይም መሃል ላይ ሲቋረጥ ነው። ቀድሞ የሚያሳብቀውም ቡናው ነው። በበጋ የቋጠረው እንቡጥ ደህና ዝናብ ካገኘ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈነዳል። ጫካው ነጭ ይለብሳል፤ መዓዛው መንገደኛውን ያስቆማል። አበባው የሚቆየው ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ዝናቡ ከጠፋ ገና የያዘው ፍሬ ይረግፋል። ሐምሌ ላይ ዶፍ ቢወርድ የረገፈውን አይመልስም። ስለዚህ የዓመቱን የዝናብ ድምር ብቻ አይቶ "ዘንድሮ ጥሩ ነበር" ማለት ያሳስታል።

ማገገምም ተራ አለው። መጀመሪያ የላይኛው አፈር ይርሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሣር ያቆጠቁጣል፤ ከብቱ ይጠግባል። ምንጩና ጉድጓዱ ግን ውሃው ወደ ታች እስኪሰርግ ይጠብቃሉ። ከሁሉም የሚዘገየው ጎተራው ነው። በሚያዝያና በግንቦት የተዘራ በቆሎ ለእሸት የሚደርሰው ነሐሴ ገደማ ነው። እስከዚያ ማሳው ለምልሞ ቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። እንሰት ያለው ቤተሰብ በቆጮ ይሻገራል፤ የሌለው ይቸገራል። እርዳታ መቼ ይቁም የሚለውን የሚወስኑ ሰዎች የመስኩን ልምላሜ ብቻ አይተው ባይፈርዱ እላለሁ። አርብቶ አደሩ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቦረና አምስት ተከታታይ ወቅቶች ዝናብ ከከዳው በኋላ በመጋቢት 2015 ዘነበለት። የሞተውን ከብት ለመተካት ግን ዓመታት ይፈጃል።

የጅማ ዝናብ ጅማ ላይ አይቀርም። የግልገል ግቤ ወንዝ ይዞት ወርዶ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው የግልገል ግቤ አንድ ግድብ ይገባል። ያው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ የግልገል ግቤ ሁለትን ተርባይኖች ያዞራል። ከዚያም ኦሞን ተቀላቅሎ በግቤ ሦስት በኩል ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ሐይቁ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከኦሞ ነው። ጅማ ላይ ክረምቱ ሲሰምር ዝናብ የራቀው የታችኛው ኦሞ ቆላም ይተነፍሳል።

ዋናው ነገር ውሃው የሚወርድበት አኳኋን ነው። በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ቡና በተተከለበት መሬት ቅጠሉ የጠብታውን ጉልበት ይሰብራል። ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርግና በጥር፣ በየካቲት ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተዳፋቱ ተመንጥሮ በታረሰበት ግን ያው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ግድቡ ውስጥ ደለል አድርጎ ይጥለዋል። የእርከን ሥራው በበጋው፣ ዝናቡ ሳይገባ ማለቅ ያለበት ለዚህ ነው።