ስለ ኤዲኤችዲ የሚወራው እና የስዊድን ጥናቶች ያገኙት

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይመጣል። ልጁ አርፎ አይቀመጥም፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ የልጆችና ወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢያየው ይላል። ከዚያ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ምክሩ ይዘንባል። በስቶክሆልምም በጎተንበርግም በአስተርጓሚነት በሠራሁባቸው ዓመታት ወላጆች ወደ ሐኪሙ ክፍል ሲገቡ ይህንን ምክር ሁሉ ተሸክመው ሲገቡ አይቻለሁ። አብዛኛው ምክር በቅን ልቦና የተሰጠ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው።

የሚያስቆጨኝ፣ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ) በስፋት ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ ራሷ ስዊድን መሆኗ ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ ከ1947 ጀምሮ የግል መለያ ቁጥር አለው። የሆስፒታል ምርመራ፣ ከመድኃኒት ቤት የወጣ መድኃኒት፣ የፍርድ ቤት ቅጣት፣ የማን ልጅ መሆኑ ሁሉ በዚያ ቁጥር ይያያዛል። ተመራማሪዎች የሰዎቹ ስም ተሰርዞ በሚደርሳቸው መረጃ ወንድምን ከወንድም፣ አንድን ሰውም መድኃኒት በወሰደበት ጊዜና ባልወሰደበት ጊዜ ከራሱ ጋር ማወዳደር ይችላሉ። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ከዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የመድኃኒት ኩባንያዎች የፈጠሩት በሽታ ነው»

ይህ ጥርጣሬ የሐበሻ ብቻ አይደለም፤ ስዊድናውያኑን ራሳቸውን ፍርድ ቤት አድርሷቸዋል። የጎተንበርጉ የልጆች አእምሮ ሐኪም ክሪስቶፈር ጊልበርግና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ በከተማው የስድስት ዓመት ልጆች ላይ ጥናት ጀመሩ። ትኩረት የሚያጡና ከእንቅስቃሴ ቅንጅት ጋር የሚታገሉ ልጆችን ከሌሎች እኩዮቻቸው ጋር እስከ 22 ዓመታቸው ተከታተሏቸው። በ2000 በታተመው ውጤት ችግሩ ከነበረባቸው 58 በመቶው እንደ ወንጀል፣ የአልኮል ችግር ወይም በጣም ዝቅተኛ ትምህርት ያለ መጥፎ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ከሌሎቹ ግን 13 በመቶው ብቻ።

የሉንድ ዩኒቨርሲቲዋ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤቫ ሼርቬና የልጆች ሐኪሙ ሌይፍ ኤሊንደር ውጤቱን አላመኑትም፤ ሰነዶቹን እንይ አሉ። ፍርድ ቤት ፈቀደላቸው። ጊልበርግ ለቤተሰቦቹ ምስጢር እንደምንጠብቅ ቃል ገብተናል ብሎ አልሰጥም አለ። በግንቦት 2004 ሦስት ባልደረቦቹ የዓመታት ሰነዶችን አጠፏቸው። ጊልበርግ በ2005 የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ባለመፈጸሙ ጥፋተኛ ተባለ፤ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶም በ2012 ሳይሳካለት ቀረ።

እነዚያ ሰነዶች መጥፋታቸው ትልቅ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። የጠየቀ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ የተዘጋ በር ደግሞ ሐሜትን ብቻ ያፋፋል። ነገር ግን የበሽታው እውነትነት በእነዚያ ወረቀቶች ላይ የቆመ አልነበረም። በስቶክሆልሙ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የስዊድን የመንትዮች መዝገብ ሌላ መንገድ ከፍቷል። ሄንሪክ ላርሰንና ባልደረቦቹ 59,514 መንትዮችን ተመልክተው በ2014 እንዳሳተሙት፣ አንዱ ሰው ኤዲኤችዲ ሲኖርበት ሌላው የማይኖርበትን ልዩነት ወደ 88 በመቶ የሚሆነውን የሚያስረዳው የዘር ውርስ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰሉ መንትዮች ከሌሎቹ መንትዮች ይልቅ ችግሩን አብልጠው ይጋራሉ። የትኛውም ኩባንያ ይህንን ሊያቀነባብር አይችልም።

«የእናት ጥፋት ነው፤ ዱላ የጠፋበት አገር ነው»

በጣም የሚያመኝ ይህ ነው። እናት አቆላምጣ አበላሸችው፣ ስልክ ሰጥታ አጠፋችው፣ እርጉዝ ሆና ያላረገችው ነገር የለም ይባላል። ስዊድን ልጅን መምታት በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና በ1979 በሕግ ስለከለከለች ልጆች ተበላሹ የሚሉም ብዙ ናቸው። ችግሩ ግን ዱላ ባልጠፋበት አገርም አለ፤ በቡታጅራ ገጠር ልጆች ላይ ተደርጎ በ2001 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ችግር ከተገኙት የአእምሮና የባሕርይ ችግሮች መካከል ይዘረዝረዋል።

የእናትን ጥፋት ፍለጋ እንዴት መመርመር እንደሚቻል ከሁሉ የበለጠ ያሳየኝ በ2014 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት ነው። በእርግዝና ጊዜ ሲጋራ ያጨሱ እናቶች ልጆች ላይ ኤዲኤችዲ በብዛት እንደሚገኝ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሲጋራው ነው ተባለ። ሻርሎት ስኮግሉንድና ባልደረቦቿ ከ1992 እስከ 2000 የተወለዱ ከ800 ሺህ በላይ ልጆችን መዝገብ ወሰዱ። አንዷ እናት አንዱን ልጅ ስታረግዝ አጭሳ ሌላውን ስታረግዝ ካላጨሰች፣ ሁለቱን የእናት ልጆች አወዳደሩ። ግንኙነቱ ጠፋ። ቀድሞ የታየው ከሲጋራው ይልቅ በቤተሰቡ ከሚወረሰው ነገር የመጣ ነበር። ማጨስ በሌላ ብዙ መንገድ ፅንስን ስለሚጎዳ ይፈቀዳል ማለቴ አይደለም። እናትን ከመክሰስ በፊት ግን ወንድሞቹን እንይ ማለቴ ነው።

ሐኪሙ «ከቤተሰቡ ሌላ እንዲህ የነበረ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እናትየዋ ወደ ባልዋ ትዞራለች። አባትየው ስለ ልጁ መናገር ጀምሮ ሳያስበው ስለ ራሱ ትምህርት ቤት ይተርካል፤ በየቀኑ የሚጠፋው ደብተር፣ በየቀኑ የሚመጣው ግርፋት። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«ድሮ አልነበረም፤ አሁን ሁሉም ልጅ አለበት ይባላል»

በዚህኛው ተጠራጣሪዎቹ ከፊል እውነት አላቸው። የስዊድን የጤናና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሥልጣን እንደሚለው በ2022 ከ10 እስከ 17 ዓመት ካሉ ወንዶች 10.5 በመቶው፣ ከሴቶች 6 በመቶው የኤዲኤችዲ ምርመራ (ሐኪም «አለበት» ብሎ የሰጠው ውሳኔ) ነበራቸው። ቁጥሩ ወንዶች ላይ 15፣ ሴቶች ላይ 11 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይረጋል ብሎም ገምቷል። ይህ በጣም ከፍተኛ ነው።

ልጆቹ ተለውጠው ነው? ከ19 ሺህ በላይ መንትዮችን ወላጆች በየዓመቱ በተመሳሳይ ጥያቄዎች የጠየቀ ጥናት እንዳሳየው ከ2004 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በሐኪም የተሰጠው ምርመራ ከአምስት እጥፍ በላይ ሲጨምር፣ ወላጆች የሚናገሩት ከባድ ምልክት ግን አልጨመረም። የተለወጠው ሐኪም ጋ የሚደርሰው ሰውና ሐኪሙ «አለበት» ለማለት የሚበቃው የምልክት መጠን ነው።

ወላጅ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድን ውስጥ ክፍል የሚመደበው በተወለዱበት ዓመት ስለሆነ፣ የታኅሣሥ ልጅ ከጥር ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱት ምርመራውን አብልጠው እንደሚያገኙ የአገሪቱ መዝገብ ያሳያል፤ ወላጆቻቸው ግን የባሰ ምልክት አይናገሩባቸውም። ልጅዎ የኅዳር ወይም የታኅሣሥ ልጅ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ አንሥተው ይጠይቁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

«የወንድ ልጅ ነገር ነው»

ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ ወንበር አትገለብጥም። መስኮት እያየች ትቀመጣለች፣ የቤት ሥራዋን እያለቀሰች ሌሊት ትሠራለች፣ «ዝምተኛ» ትባላለች። የስቶክሆልም መዝገቦችን የመረመረው የስኮግሉንድ ሌላ ጥናት ሴቶች ምርመራውን ከወንዶች በአማካይ በአራት ዓመት ዘግይተው እንደሚያገኙ አሳይቷል። ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ ለጭንቀትና ለድብርት ሲታከሙ ቆይተዋል። አራት ዓመት በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለች ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሙሉ ማለት ነው።

«መድኃኒቱ ሱሰኛ ያደርጋል»

ፍርሃቱን አልንቀውም፤ አነቃቂ መድኃኒት ነው፣ ቁጥጥርም ይገባዋል። የስዊድን መረጃ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። 38,753 ሰዎችን ባካተተ ጥናት፣ በ2006 አነቃቂ መድኃኒቱን ይወስዱ የነበሩት በ2009 የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ችግራቸው ካልወሰዱት በ31 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2012 ፖል ሊክተንስታይንና ባልደረቦቹ 25,656 ታካሚዎችን ተከታትለው እያንዳንዱን ከራሱ ጋር ሲያወዳድሩ፣ መድኃኒት በወሰዱባቸው ወራት ወንዶቹ የፈጸሙት ወንጀል በ32፣ ሴቶቹ የፈጸሙት በ41 በመቶ ቀንሶ አገኙት። በ2024 የታተመ፣ ወደ 149 ሺህ ሰዎች የታዩበት ጥናት ደግሞ መድኃኒት መጀመር ከዝቅተኛ የሞት መጠን ጋር፣ በተለይም እንደ አደጋ ካሉ ምክንያቶች ከሚመጣ ሞት ማነስ ጋር መያያዙን አሳይቷል። እነዚህ ከመዝገብ የተወሰዱ ጥናቶች ናቸው፤ በዕጣ ተከፋፍሎ እንደሚደረግ ሙከራ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይሰጡም።

ሌላው ወገን ደግሞ «ምንም ጉዳት የለውም» ይላል። ያም ልክ አይደለም። የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት መውሰድ ከደም ግፊትና ከደም ቧንቧ በሽታ መጨመር ጋር እንደሚያያዝ በዚያው ሰሞን አሳውቀዋል። ስለዚህ ግፊትና የልብ ምት በየጊዜው ይለካ፤ ካልተለካ ጠይቁ።

«ምርመራ ካለ ልጃችን ይወሰድብናል፤ ምርመራ ከሌለ ድጋፍ የለም»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ልጅን ያለ ወላጅ ፈቃድ ለመውሰድ የሚያስችለው ሕግ የሚመለከተው በቤት ያለ ከባድ ጉዳትን ወይም ወጣቱ ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጥበትን ባሕርይ ነው፤ ኤዲኤችዲ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የትምህርት ሕጉ ደግሞ ድጋፍ የሚሰጠው በልጁ ፍላጎት እንጂ በሐኪም ወረቀት አይደለም። ርእሰ መምህሩ «መጀመሪያ ምርመራውን አምጡ» ካለ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፤ የልጁ ፍላጎት ተጣርቶ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች የመጡ ወላጆች ልጆች ስዊድን ውስጥ የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሚያገኙት ከስዊድናውያን ልጆች ባነሰ መጠን መሆኑን የአገሪቱ መዝገብ አሳይቷል። ወረፋው ረጅም ነውና ደብዳቤው ሲመጣ ቀጠሮውን አትሰርዙ። አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ትልቋን ልጃችሁን ለወንድሟ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። አባትም አብሮ ይምጣ፤ «ከቤተሰቡ ሌላ እንዲህ የነበረ ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም።