የሕግ ተማሪዎችና የልዕለ ጀግኖች ክርክር

በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ የሚጀመረውም የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ማታ ማታ ከወፍራም የፍርድ ውሳኔዎች መድበል ብዙ ገጽ ይነበባል። በማግስቱ መምህሩ ድንገት የአንዱን ስም ይጠራል፤ የተጠራው ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡንና የውሳኔውን ምክንያት ያስረዳል። ተወጣሁት ብሎ ሲረጋጋ መምህሩ ከታሪኩ አንዲት ነገር ይለውጥና «አሁንስ?» ይለዋል። ይህን በውሳኔዎች ላይ የተመሠረተ የማስተማር ዘዴ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበረው ክሪስቶፈር ላንግዴል ነው። የበላ ልበልሃን ሙግት የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ መፋጠጥ ባዕድ አይሆንበትም። የፈተናው ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የፈጠራ ታሪክ ነው።

የኮሚክ መጽሔት ጀግኖች ወደ ጥናት ቡድኑ ጠረጴዛ የሚመጡት በዚሁ በ«አሁንስ?» በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ ስፓይደርማን የሚሸሽ ሌባን ማስቆም ሲችል ያሳልፈዋል፤ ያው ሌባ ኋላ አጎቱን ይገድላል። ስፓይደርማን በሕግ ይጠየቃል? የአሜሪካ ሕግ እንደ ወላጅና ልጅ ያለ ልዩ ግንኙነት ከሌለ በቀር ሌላውን የማዳን ግዴታ በመርህ ደረጃ አይጥልም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ግን በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወን ይቀጣል። እንዲያም ሆኖ ስፓይደርማን ከዚህም የሚያመልጥ ይመስለኛል፤ ሌባው ባጠገቡ ሲያልፍ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ገና አልነበረምና።

ይበልጥ የሚያሟግተው ባትማን ነው። በሌሊት ቤት ሰብሮ ያገኘው ሰነድ በማስረጃነት ይቀርባል? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከሕገወጥ ብርበራ የሚጠብቀው ከመንግሥት ነው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1921 ግለሰቦች የሰረቁትን ሰነድ መንግሥት ሊጠቀምበት እንደሚችል ወስኗል። ታዲያ ባትማን ግለሰብ ነው ያለ ተማሪ ያሸነፈ ሲመስለው፣ ከወዲያ ማዶ አንዱ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ጣሪያ ላይ የሚበራውን የሌሊት ወፍ ምልክት ያስታውሰዋል። ፖሊስ እየጠራ የሚያሰማራው ሰው የመንግሥት እጅ አይደለምን? ክርክሩ እውነተኛ የሕግ ትምህርት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቶችም ከእነዚህ ጀግኖች ጋር ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የስፓይደርማንን ድር የሚረጭ መጫወቻ የፈለሰፈ ሰው ፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) ካበቃ በኋላም ክፍያ እንዲቀጥልለት ከስፓይደርማን አሳታሚ ከማርቭል ጋር ተሟግቶ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተረቷል። ዳኛ ኤሌና ኬጋን የቀደመ ውሳኔን ለመሻር ሥልጣን ቢኖርም ጥንቃቄ እንደሚያሻ ለማስረዳት፣ ታላቅ ኃይል ታላቅ ኃላፊነትን ይጠይቃል የሚለውን የኮሚኩን ቃል ጠቅሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተወሰነው የጉምሩክ ክርክር ግን የበለጠ ልብ ይነካል። ክርክር ያስነሱት ዕቃዎች አገር በገቡበት ጊዜ የሰው አምሳያ አሻንጉሊት 12 በመቶ፣ ሌላ መጫወቻ ደግሞ 6.8 በመቶ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። አስመጪው ኩባንያ የኤክስ-ሜን ኮሚክ ጀግኖች ምስሎች ሰውን አይወክሉም ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ምስሎቹን፣ ከጀግኖቹ የአንዱን የዎልቨሪንን ጥፍሮች ሳይቀር፣ መርምረው ለኩባንያው ፈረዱ። ኤክስ-ሜን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የተገፉ ፍጡራን ሰው መሆናቸውን ለማሳመን የሚታገሉበት ታሪክ ነው። ይህን እያነበበ ያደገ ተማሪ ውሳኔው ያሳዝነዋል፤ ተማሪዎች በሚለማመዱበት ምስለ ችሎት ለአስመጪው ተከራከር ቢባል ግን ቆሞ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እነዚህ ሰዎች አይደሉም» ብሎ መጀመር ይኖርበታል።