ሜዳ ስለሆነ ብቻ መንደር አይሆንም፦ የግጦሽ መሬትን መኖሪያ ስለማድረግ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

በደብረ ብርሃን ዙሪያና በጫጫ አካባቢ የሰፈር ፕላን ስሠራ ያልሰማሁበት ቦታ የሌለ አንድ አባባል አለ፦ «ሜዳ እኮ ነው፤ ገመድ ዘርግቶ መሸንሸን ብቻ ነው።» ከተማው እየሰፋ የአባት የግጦሽ መሬት ዳር ሲደርስ ወንድማማቾች ይሰበሰባሉ፤ ስንት ቤት እንደሚወጣው ያሰላሉ፤ ባለሙያ የሚጠራው ሁሉም ነገር ከተወሰነ በኋላ ነው። ይህ አባባል ስንቱን ቤተሰብ እንዳከሰረ ስላየሁ ዛሬ በዝርዝር ልመልስለት። አስቀድሜ ግን አብረውት የሚመጡትን ላንሣ።

«አረንጓዴ ደብተር አለን፤ ሸንሽነን እንሸጣለን።» አይቻልም። ደብተሩ፣ ማለትም የገጠር መሬት ይዞታ ማስረጃው፣ የሚያረጋግጠው የመጠቀም መብትን ነው። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ውልም ሆነ የምስክር ብዛት ይህን አይለውጠውም። ገዢው የጨረቃ ቤት ሠርቶ ሲፈርስበት ሁለት ጎረቤታሞች ለዘለዓለም ይቆራረጣሉ።

ሕጋዊው በር ግን ዝግ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ 1161/2011 እንዲለማ በተወሰነ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በቡድን የማልማት ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ብዙ ቤተሰብ ይህን አያውቅም፤ ሳይጠይቅም ያልፈዋል። ጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ አስገቡ።

«ካሳ ማለት የመሬቱ የገበያ ዋጋ ነው።» አይደለም። የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ከመሬቱ ይገኝ ለነበረው ገቢ ነው። ምትክ መሬት በማይገኝበት ጊዜ ይኸው አዋጅ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ በ15 ያባዛዋል። አዋጁ ቆይቶ ስለተሻሻለ አሁን የሚሠራበትን ከመሬት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ፤ የሸጣችሁትን ድርቆሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ መዝግቡ።

«የሊዙ ዘመን ሲያልቅ ልጆቻችን ይባረራሉ።» ሊዝ የከተማ መሬት ለተወሰነ ዘመን የሚያዝበት ውል ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ይታደሳልም።

«የወል ግጦሹ የሁላችንም ስለሆነ እንካፈለው።» የሁላችሁም ስለሆነ ነው የማትካፈሉት።

አሁን ወደ ሜዳው። ገብስ የሚዘራ የሸዋ ገበሬ መሬት አያባክንም። አያቶቻችን ዳገቱን አርሰው ሜዳውን ለከብት የተዉት ሰንፈው አይደለም፤ ክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ነው። በቅርቡ አንድ ቤተሰብ ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ግጦሽ እንዳይ ወሰደኝ። ወሩ ጥር ነበር፤ መሬቱ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ታላቅየው «መሐንዲስ፣ ከዚህ የተሻለ ሜዳ የት ይገኛል?» ይለኛል። እኔ ወደ እናታቸው ዞሬ «እማማ፣ በነሐሴ በጎቹን የት ነው የሚያሰማሩት?» አልኳቸው። «ነሐሴማ ወደ ዳገቱ ነው እንጂ! እዚህ ከገባችማ ኮቴዋ ይበሰብሳል» አሉ። በግ የማትቆምበት መሬት ላይ ልጆቻቸው የሳሎን ወለል ሊያፈሱ ነበር።

ያ ጥቁር አፈር መረሬ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የደጋችን ክረምትና በጋ ደግሞ ይህን በየዓመቱ ያመላልሱታል። ቤቱ በአንድ ጎኑ ይነሣል፣ በሌላው ይወርዳል፤ በር አልዘጋ ይላል፤ ከመስኮቱ ማዕዘን የጀመረው ስንጥቅ በብሎኬቱ ላይ ሰያፍ ይወጣል። ሰው ግንበኛውን ይከሳል። ግንበኛው ጥፋት ሊኖርበት ይችላል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ነው።

«ፎቅ አንሠራም፣ ቀላል የቆርቆሮ ቤት ነው» የሚሉኝ ይብሳሉ። በመረሬ ላይ ይበልጥ የሚጎዳው ቀላል ቤት ነው። ያበጠ አፈር ወደ ላይ ሲገፋ ከባድ ሕንፃ በክብደቱ ይቋቋመዋል፤ አንድ ክፍል ቤት ግን አብሮ ይነሣል። የዝናብ ውሃን ከግድግዳው ሥር ማራቅ ከመስኮት ጌጥ የሚቀድመውም ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ከቤት አጠገብ አትትከሉ፤ የአፈሩን ውሃ እየመጠጠ መሬቱን ያኮማትረዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ክረምት ላይ ሂዱና ውሃው የሚቆምበትንና የሚወጣበትን እዩ። ቀጥሎ በተለያየ ቦታ ጉድጓድ አስቆፍሩና የጥቁሩን አፈር ጥልቀት ለኩ። ስስ ከሆነ ተቆርጦ ይወጣል፤ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይተካል፤ መሠረቱም ጠንካራው መሬት ላይ ያርፋል። ጥልቅ ከሆነ የመሠረቱን ዓይነት የአፈር ምርመራ ይወስነው። ረግረጉን ራሱን አትንኩት፤ ሲሞላ ውሃው የጎረቤት ቤት ይገባል። ለአረንጓዴ ቦታ ይቅር።

እዚህ ላይ «መሬት አባከንክብን» የሚለው ክርክር ይነሣል። በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ አገልግሎት፣ 40 በመቶው ለግንባታ ነው። ለቤት የሚቀረው ከግማሽ በታች መሆኑ ያስቆጣቸዋል። መንገዱን አጥብቡት ይሉኛል። የእሳት አደጋ መኪና መዞሪያ ሲያጣ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚመጥጠው መኪና መግቢያ ሲያጣ፣ ሬሳ በሰው ጓሮ ሲያልፍ ያየ ሰው ግን አንድ ሜትር መንገድ አይሰርቅም። የፍሳሽ ቦዩም ከቤቱ በፊት ይቆፈር፤ ቤት ከተሠራ በኋላ ቦይ የሚያሳልፍ ጎረቤት አላገኘሁም።

«ወንድማማቾቹ ከተስማማን ይበቃል።» አይበቃም። በክልላችን ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል፤ ውርስ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያገቡት እኅቶችም ጥያቄ ሊያነሡ ይችላሉ። እናት ባልፈረሙበትና እኅቶች ባልተጠሩበት ስብሰባ ላይ የተሳለ ፕላን ፍርድ ቤት ሲደርስ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ስትሰጡኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የደብተሩን ኮፒና የቤተሰቡን ሙሉ የስም ዝርዝር ነው፤ ገመዱን የማወጣው ሁሉም ከፈረሙ በኋላ ነው።