ስለ ስፓይደርማን አመጣጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ ሰው ስፓይደርማን እንዴት ስፓይደርማን እንደሆነ የሚያውቀው ከፊልም ነው። ዋናው ታሪክ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1962 በወጣው «አሜዚንግ ፋንታሲ» የኮሚክ መጽሔት ቁጥር 15 ላይ ያለ ሲሆን ርዝመቱ 11 ገጽ ብቻ ነው። ፊልሙን ከእነዚያ ገጾች ጋር ላስተያየ ሰው ብዙ ነገር ይለያያል። ከዚህ በታች በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ያለው የተሳሳተው አመለካከት ነው፤ እውነታው ይከተለዋል።

«ታላቅ ኃይል ታላቅ ኃላፊነት ያመጣል» ያለው አጎቱ ቤን ነው።
በ11ዱ ገጾች ውስጥ ቤን እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም። ቃሉ የተራኪው ነው፤ የሰፈረውም በመጨረሻው ሥዕል ላይ፣ ፒተር ፓርከር (የስፓይደርማን እውነተኛ ስም) በምሽት ጨለማ ውስጥ እየራቀ ሲሄድ ነው። ወደ ቤን አፍ የገባው በኋላ በተጻፉ ታሪኮች ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በዋናው ታሪክ ፒተር የተመከረውን የረሳ ልጅ አይደለም፤ ማንም ሳይነግረው፣ ከደረሰበት መከራ የተማረ ነው።

ፒተር ሌባውን ያሳለፈው የትግል ገንዘቡን ስለተከለከለ ነው።
ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ስፓይደርማን» ፊልም ታሪክ ነው። በኮሚኩ ፒተር ክራሸር ሆጋን ከተባለ ታጋይ ጋር 3 ደቂቃ በመቆየት የሚገኘውን 100 ዶላር ለማግኘት ይገጥማል፤ ያሸንፋል፤ ከዚያም በቴሌቪዥን ታይቶ ዝናው ይናኛል። ሌባው በአጠገቡ ሮጦ ሊፍት ውስጥ የገባው ከቴሌቪዥን ዝግጅቱ በኋላ ነው። የሚያሳድደው ፖሊስ ያዘው እያለ ቢጮህም ፒተር ቆሞ ያያል። ፖሊሱ በእግርህ ብታደናቅፈው እንኳ ይበቃ ነበር ብሎ ሲቆጣው፣ ያ ያንተ ሥራ ነው፣ እኔ ከእንግዲህ የማስበው ለራሴ ብቻ ነው ይለዋል። የበደለው ሰው የለም፤ ሰበብም የለውም። ፊልሙ ቂም ሲጨምርበት ጥፋቱን አቀለለለት፤ ታሪኩን የሚያከብደው ግን ያ ባዶ ትዕቢት ነው።

ቤን የተገደለው መንገድ ላይ ነው።
የተገደለው ቤቱ ውስጥ፣ ሊሰርቅ በገባው በዚያው ፒተር ባሳለፈው ሌባ ጥይት ነው። ፒተር ነገሩን የሚሰማው ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ደጃፍ ላይ ከቆመ ፖሊስ ነው።

ድሩ ከሰውነቱ ይወጣል።
ይህም የዚያው ፊልም ፈጠራ ነው። የሳይንስ ተማሪው ፒተር የድሩን ፈሳሽ ራሱ ቀምሞ፣ በሁለቱ የእጅ አንጓዎቹ ላይ የሚታሰር መርጫ ይሠራል። መሣሪያው የሚተኩሰው መዳፉ ላይ ያለውን መጫኛ በመሃል ጣቶቹ ሲነካው ነው። ስለዚህም በኋላ በወጡ ታሪኮች ፈሳሹ በውጊያ መሃል ያልቅበታል፤ ከሰውነቱ ቢወጣ ኖሮ ይህ ጭንቀት አይኖርም ነበር።

ሸረሪቷ ዘረመሏ የተለወጠ ናት።
በ1962ቱ ታሪክ ሸረሪቷ በሳይንስ ትርኢት ላይ በጨረራ መሃል አልፋ፣ ፒተርን ነክሳ ትሞታለች። ዘመኑ ሰው ሁሉ የኑክሌር ነገር የሚያስፈራው ዘመን ነበር።

የፒተር የፍቅር ጓደኞች ግዌን ስቴሲና ሜሪ ጄን ከመጀመሪያው አሉ።
የሉም። ግዌን የመጣችው በ1965 መጨረሻ ሲሆን የሜሪ ጄን ፊት የታየው በ1966 ነው።

የስታን ሊ ብቻ ፈጠራ ነው።
ሊ ቃሉን ጻፈ፤ ገጾቹን የሳለው ስቲቭ ዲትኮ ነው። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ልብስም የዲትኮ ነው። ሌላው ሠዓሊ ጃክ ከርቢ ለዚህ እትም ያበረከተው የሽፋኑን የእርሳስ ሥዕል ሲሆን፣ መስመሮቹን በጥቁር ቀለም ያደመቀው ያው ዲትኮ ነበር። በዲትኮ እጅ የተሳሉት ዋና ገጾች እ.ኤ.አ. በ2008 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተበርክተው ዛሬም እዚያ ይገኛሉ።